የሚያልባት ድንጋይ

በጃንሆይ ጊዜ፣ እጮኛዬ ሱሉልታ አስተማሪ ነበር። ከየመንገዱ የለቀመውን ድንጋይ መስኮቱ ላይ ይደረድራል። «ይህኛው ውሃ ይወዳል» ብሎ ነጩን ባልጩት በሳሙና ያጥባል፤ «ያኛው ውሃ ይፈራል» ብሎ እየተላጠ የሚያብለጨልጨውን በላባ ብቻ ያራግፋል። ለተማሪዎቹ ያላሳየውን ርኅራኄ ለድንጋዮቹ ያሳይ ነበር። ለእኔም በቀለበት ፈንታ እንደ ብርጭቆ ጥርት ያለች ድንጋይ ሰጠኝና፣ «ውሃ አይንካት» አለኝ። ለምን ብዬ አልጠየቅኩትም። በድንጋይ መታጨቴ አስቆኝ ሳቄን ለመያዝ እየታገልኩ ነበር።

ክረምት ገባ። የሱሉልታ ክረምት ቤት ውስጥ ያለውን ሁሉ ያረጥባል፤ ሳጥኔ ውስጥ ያለችው ድንጋይም አላባት። እናቴ አይታ አማተበች።

«ድንጋይ ሲያልበው የት ታይቷል? ይሄ የጤና አይደለም!»

ወዲያው ፈረደች፦ ድንጋይዋ ጠበል ውስጥ ትነከራለች፤ ከሟሟች የሰይጣን ሥራ ናት፣ ሰርግ የለም። እናቴ አንዴ ከፈረደች ይግባኝ አይባልም። እኔ ደግሞ ያንን ሰው ወድጄዋለሁ፤ እንቅልፍ አጣሁ።

እሁድ ተጠርቶ መጣ። እናቴ ጠበሉን በጣሳ ይዛ፣ «መምህር፣ በእጅዎ ይንከሩልኝ» አለችው።

«እማማ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ፤ ትሟሟለች» አለ። ይኸኔ እሱም እንደ ድንጋይዋ አልቦት ነበር።

አባቴ ድንጋይዋን ተቀብሎ ወደ ጋጣ ሄደ፤ ተከተልነው። ለእሱ ከላሙ የበለጠ ዳኛ የለም። ላሟ አንዴ ላስ አደረገችና እጁ ላይ ሙጭጭ አለች።

«ሶጊዳ! ጨው እኮ ነው፣ አንቺ ሴትዮ!» ብሎ በሳቅ ፈረሰ።

እጮኛዬ ግን አልሳቀም። ሟች አባቱ ጨው ነጋዴ እንደነበሩ፣ ከእሳቸው የቀረችው ይህች ብቻ እንደሆነች፣ «ጨው ሰጠኝ» ብዬ እንዳልንቀው ፈርቶ ዝም እንዳለ ነገረን። አባቴ ደንግጦ ከላሟ ምላስ ነጠቃት፤ በጋቢው ጠርጎ በሁለት እጁ መለሰለት። እናቴም ጣሳውን አስቀመጠችና፣ «ምን ያስቆምሃል? ግባ እንጂ ልጄ!» አለችው። «እርስዎ» ማለቷ በዚያው ቀረ።

ድንጋይዋ ዛሬም ሳጥኔ ውስጥ ናት፤ የላሟ ምላስ ያጎደጎደው ጎኗ አሁንም ያስቀኛል። ክረምት ሲገባ እንደ ድሮው ያልባታል፤ በደረቅ ጨርቅ እጠርጋታለሁ። እሱ ካረፈ ወዲህ ግን ፊቴን ዞር አድርጌ ነው የምጠርጋት። ውሃ አይንካት ብሎኛል።