ለእንግዳ የተጠረገው ወንዝ

ሰብሊ ስመኘው ገና ልጅ ሳለች በጀሪካን የተቀዳ ውሃ ጠጥታ ከሞት አፋፍ ተመልሳለች። ጀሪካኑ ቀድሞ የተባይ መድኃኒት ነበረበት፤ አባቷ ደጋግሞ አጥቦ፣ አሽትቶ፣ "አሁንስ ጠራ" ብሎ ለቤት ያዋለው ነው። አፏ አረፋ ሲደፍቅ አጎቷ በበቅሎ አፈናጦ ፍኖተ ሰላም ሐኪም ቤት ባያደርሳት ኖሮ እዚያው በቀረች።

ከዚያ ወዲህ የጠራ ውሃ አያታልላትም። ኬሚስትሪ ተማረች፤ ዛሬ ባሕር ዳር ካለ ቤተ ሙከራ እየተላከች የወንዝ ደለል ትመረምራለች። ውሃው ቢያልፍም መርዙ ከሥር ካለው ጭቃ ጋር ተጣብቆ ይቀራልና።

በታኅሣሥ ከማንኩሳ ማዶ ሁለት ጅረቶች ወደሚገናኙበት ኩሬ ወረደች። ታቦቱ ለጥምቀት የሚወርደው፣ ልጆቹም እየዘለሉ የሚገቡት እዚያ ነው። የመስኖ ሽንኩርት ከተስፋፋ ጀምሮ የተባይ መድኃኒት መርጫ የሚያዝል ሰው ስለበዛ፣ አገሬው ከበዓሉ በፊት ይታይልን ብሎ ነበር።

ሰብሊ ብትጎነበስ የኩሬው ወለል ነጭ አሸዋ ነው። የአካባቢው ሽማግሌ አያ ላቀው የታጠበ ጋቢያቸውን አጣፍተው ፈገግ አሉ።

"እንዴት ነው ልጄ፣ አማረ? አገሩ ሁሉ ወጥቶ ነው የጠረገው።"

"ምኑን ጠረጋችሁት አያ?"

"ጭቃውን ነዋ! እንግዳ መጥቶ ጭቃ ይይ? ዝቀን አወጣንና ንጹሕ አሸዋ አለበስነው።"

"እኔ እኮ የመጣሁት ለጭቃው ነው!"

ከኋላ የአያ ላቀው ባለቤት እማማ አቻምየለሽ በሳቅ ፈነዱ። "ለሠርጋችን እንኳ ቤቱን እንዲህ አላስጠረጉልኝም!"

ሰብሊም ሳቋ አመለጣት። ግን አሸዋውን ወስዳ ብትመረምር "ንጹሕ ነው" ይባላል፤ ልጆቹም ያለ ሥጋት ይዘላሉ።

"የዛቃችሁትን የት ደፋችሁት?"

አያ ላቀው ጉሮሯቸውን ጠረጉ። "ለም መስሎኝ... እኔ ጓሮ፣ ጎመኑ ሥር ነው።"

"ለእኔማ ፍግ ነው ብለውኝ!" አሉ እማማ አቻምየለሽ።

ሰብሊ ጓሮው ሄዳ ካልተበተነው ቁልል ቆንጥራ በጠርሙስ ያዘች። "ውጤቱ እስኪመጣ ጎመኑ እንዳይበላ።"

"እሰይ! በዚህ ጾም ጎመን አንገፍግፎኛል" አሉ እማማ አቻምየለሽ።

ውጤቱ ሲመጣ ጭቃው ውስጥ የተባይ መድኃኒት ተገኘ። ሰብሊ ተመልሳ የጀሪካኑን ታሪክ ነገረቻቸው። ማን ነው ጥፋተኛው ብሎ የተጣላ አልነበረም፤ መርጫ የሚታጠብበት ቦታ ከጅረቱ ራቀ፣ ቁልሉም በላስቲክ ተጠቅልሎ ከጓሮው ተነሣ። በዚያ ዓመት ታቦቱ ከሽንኩርት እርሻው በላይ ወዳለው ምንጭ ወረደ፤ ልጆቹም እየተረጫጩ ጮቤ ረገጡ።

ከበዓሉ መልስ አያ ላቀው ጠላ እየቀዱላት "ከዚህ ሁሉ ልፋትሽ ምኑ ይበልጥብሻል?" ሲሉ ጠየቋት።

"አባቴ ጀሪካኑን ያጠበው ስለሚወደን ነው፤ እናንተም ወንዙን የጠረጋችሁት አክብራችሁኝ ነው" አለች። "ያኔ አባቴ አጠገብ ቆሞ 'ይህ አይበቃም' የሚለው ሰው አልነበረም። እኔ ያ ሰው መሆኔ ይበልጥብኛል።"