ያለ እሳት የተለማመድነው ደመራ

አርባ ምንጭ ትምህርት ቤት ተዛውሬ ሥራ የጀመርኩ ቀን፣ ሚሊኒየሙ ሊገባ ሁለት ዓመት ሲቀረው፣ ርዕሰ መምህሩ አንድ ቁልፍ ሰጡኝና «የልዩ ፍላጎት ክፍሉ ያ ነው» አሉኝ። የተሰባበረ ዴስክ የታጨቀበት መጋዘን ነበር። ጠርጌ ስጨርስ ስድስት ልጆች መጡ። የሁሉም ችግር መዝገቡ ላይ «የአእምሮ ዝግመት» ተብሎ ተጽፏል። ኦቲዝም የሚለውን ቃል እኔ ራሴ የሰማሁት ኋላ፣ አጭር ሥልጠና ላይ ነው።

ታደለች ዘጠኝ ዓመቷ ነበር። አትናገርም። ጩኸት ሲበዛባት ጆሮዋን ይዛ ራሷን ከግድግዳ ታጋጫለች። ያሳየኋትን ነገር ግን አንዴ ከያዘችው አትስትም፤ ቅደም ተከተሉን ካዛባሁባት እንደገና ታስጀምረኛለች።

አባቷ አቶ ዘውዴ አርባ ምንጭ ገበያ ጋቢ ይሸጣሉ። ለመስቀል ቤተሰቡ በሙሉ ጨንቻ፣ አያት ግቢ ይወጣል። የተጣላ የሚታረቀው፣ የራቀ የሚመለሰው ያኔ ነው። ታደለች ላይ ግን ጓዳ ይቆለፍባታል።

«ምን ላድርግ ቲቸር?» አሉኝ። «ዘመድ ያያታል። እርግማን አለባቸው ይሉናል።»

«አንድ ወር ይስጡኝ፤ አለማምዳታለሁ» አልኳቸው። አፌ ደፋር ነበር።

ሥልጠናው ላይ እንዳሳዩን በዓሉን በትንንሽ ደረጃ ቆራረጥኩት። ችቦ መያዝ፣ ሦስት ጊዜ መዞር፣ ችቦውን ደመራው ላይ ማስደገፍ። ክረምት ቢሆንም ልጆቹን እየጠራሁ፣ ትምህርት ቤቱ ግቢ ውስጥ ትንሽ ደመራ አቆምኩ። ልጆቹ መጀመሪያ በሹክሹክታ፣ ኋላ እየጮኹ በጋሞኛው የመስቀል ሰላምታ «ዮ መስቀላ!» ይሏታል። በአራተኛው ሳምንት ጆሮዋን መያዝ ተወች። በጨረሰች ቁጥር አጨበጭብላታለሁ፤ ያቺን ጭብጨባ ትወዳት ነበር። እሳት አልለኮስንም። ርዕሰ መምህሩ ከልክለዋል፣ እኔም ሳልከራከር ተቀበልኩ።

ለበዓሉ አብሬያቸው ጨንቻ ወጣሁ። አቶ ዘውዴ እጇን ይዘዋት፣ ያልተለኮሰ ችቦዋን አንግባ ደመራውን መዞር ጀመረች። ዘመዶቹ መጀመሪያ እርስ በርስ ተያዩ፣ ከዚያ እልል አሉ። ሁለተኛው ዙር ላይ የቤተሰቡ ሽማግሌ ደመራውን ለኮሱት። ሰው ሁሉ ወደ ኋላ አፈገፈገ። አቶ ዘውዴን ወንድማቸው መጥቶ ሲያቅፋቸው የታደለችን እጅ ለቀቁ።

ታደለች ግን ሦስተኛውን ዙር ጨረሰች። ከዚያ እንዳስተማርኳት ችቦዋን ልታስደግፍ ወደ ነበልባሉ ገባች።

ስደርስባት ነጠላዋ ተያይዟል። ጎትቼ ሳወጣት ክንዷ እየተላጠ ዞራ አየችኝ። እንዳጨበጭብላት እየጠበቀች ነበር።

ሁለት ጣቶቿ ዳግም አልተዘረጉም። አቶ ዘውዴ አልከሰሱኝም፣ አልሰደቡኝም። ሆስፒታሉ ኮሪደር ላይ «ይብቃት፣ ቲቸር» ብቻ አሉኝ። በሚቀጥለው መስቀል ጓዳው ተቆለፈ።

ጡረታ እስክወጣ ብዙ ልጆች አስተምሬአለሁ። ከቤተሰባቸው ጋር ደመራ ለማየት የበቁም አሉ። ታደለች ግን ከዚያ በኋላ አላየችም። አሁንም ያንገበግበኛል።

ለአዳዲስ መምህራን የምነግራቸው ይህንን ነው። ከሁሉም በፊት «ቁም» ሲባል መቆምን አስተምሩ። እሳት ያለበትን በዓል ያለ እሳት አታለማምዱ።