ቀይ ክር የታሰረበት ማሽላ

ሳዑዲ፣ ጂዛን፣ አሐድ አል-መሳርሐ በሚባል አገር ማሽላ ስቆርጥ ሙቀቱ ማሳውን እንደ ውሃ ያንቀጠቅጠውና የት እንዳለሁ ይጠፋኛል። ወሎ ያለሁ ይመስለኛል።

ያኔ በጦርነቱ ትምህርት ቤት ተዘግቶ፣ እኛ የከተማ ተማሪዎች የዘማቾችን ሰብል ልንሰበስብ ወጣን። ማጭድ አያያዝ እንኳ አናውቅም፤ ጉራችን ግን ለጉድ ነው። ባሏ የዘመተባትን የአንዲት ሴት ማሽላ እየዘፈንን፣ አንድ ራስ ሳናስቀር ቆረጥነው። ምሳችንን ይዛ ስትመጣ ባዶውን ማሳ አይታ ደርቃ ቀረች። ባሏ ከመሄዱ በፊት ለዘር በመረጣቸው ላይ ቀይ ክር አስሮ ነበር፤ በደንብ እስኪደርቁ መቆም ነበረባቸው። ክሩንስ አይተነዋል፤ ጌጥ መስሎን ነው እንጂ! አልተቆጣችንም። ክምሩ ሥር ቁጭ ብላ ክር ያለባቸውን ስትለቅም ዋለች።

«ሲመጣ ምን እለዋለሁ?» አለች፣ ለራሷ።

ይምጣ አይምጣ ሳልሰማ አገር ለቀቅሁ።

እዚህ ማንም ክር አያስርም። እኔ ግን ከየመስመሩ ያማረ ያማረውን ሳልነካ አልፋለሁ። የማሳው ባለቤት፣ አሠሪዬ የሆነው ከፊሌ፣ ከኋላዬ ይመጣና «ይኼ ሐበሻ ዓይኑ አያይም!» እያለ አንድ በአንድ ይቆርጣቸዋል።