አበባ ያስቀናኝ ዓመት

ባለፈው ቅዳሜ ጎንደር ፒያሳ አንድ ካፌ በረንዳ ላይ ማኪያቶ ይዤ ተቀምጬ ሳለሁ የሰርግ መኪኖች ጡሩምባ እየነፉ አለፉ። የሙሽሮቹ መኪና ግንባር ላይ የታሰረው እንደ ወትሮው ቀይ ጽጌረዳ አልነበረም፤ የሕፃን ራስ የሚያክል ነጭ ድቡልቡል አበባ ነበር። አጠገቤ የተቀመጠ ወጣት ለጓደኛው ፕላስቲክ ነው አለው። ፕላስቲክ አይደለም። ሃይድራንጃ ይባላል። እኔ ከዚያ አበባ ጋር አንድ ግቢ ኖሬያለሁ፤ ቀንቼበታለሁም። ወንድ ልጅ በአበባ ይቀናል ወይ የሚል ካለ፣ ይቀናል።

ያኔ ገና ጎረምሳ ሹፌር ነበርኩ። ከጎንደር ደባርቅ የሚመላለስ የሰው ሚኒባስ እነዳ ነበር። መንገዱ አስፋልት አልለበሰም፤ በበጋ አቧራው ቅንድብ ያነጣል፣ በክረምት ጭቃው ጎማ ይውጣል። ቤቴ ዳባት ነበር፣ እናኑንም ያገባኋት እዚያው ነው። ከከተማዋ ዳር ባለው ችግኝ ጣቢያ ትሠራ ነበር። ከሰርጋችን በኋላ ዕቃዋን ስናወርድ ከሣጥኗና ከአልጋ ልብሷ ጋር በዘይት ቆርቆሮ የተተከለች አንዲት ቁጥቋጦ አብራ ወረደች። ሣጥኑን እኔ ተሸከምኩ። ቆርቆሮዋን ግን ለማንም አልሰጥም ብላ ራሷ አቅፋ ገባች።

ከየት እንዳመጣቻት ጠየቅኋት። የችግኝ ጣቢያው ባለሙያ፣ መላኩ የሚባል፣ ለሰርጓ የሰጣት ስጦታ መሆኗን ነገረችኝ። ቅርንጫፏን ከአዲስ አበባ አምጥቶ በእጁ ያጸደቃት እሱ ነው። ይህን ስትናገር ፊቷ ላይ ምንም አልነበረም። እኔ ግን ምንም ባለመኖሩ ተጠራጠርኩ። ቅናት እንዲህ ነው፤ ያየውንም ያላየውንም እኩል ይበላል።

ቦታ ስትመርጥላት ቀናት ፈጀባት። የጠዋት ፀሐይ የሚያገኛት፣ ከሰዓት በኋላ ግን የቤቱ ጥላ የሚያርፍባት ቦታ ፈለገች። ጉድጓድ ቆፍራ የበሰበሰ ፍግና ከጫካ ያፈሰችውን የቅጠል ብስባሽ ከአፈሩ ጋር ቀላቀለች። ከተከለቻት በኋላ ርጥበቱ እንዳይሸሽ እግሯ ሥር ገለባ አነጠፈችላት። ቅጠሎቿ ሰፋ ያሉና ስስ ነበሩ፤ ቀትር ላይ ፀሐይ ሲበረታ እንደ ሐዘንተኛ አንገታቸውን ይደፋሉ። አንድ ቀን ይህን አይቼ፣ እናኑን ደስ ላሰኛት ብዬ፣ ውኃ ይዤ ስመጣ ከለከለችኝ።

«ቅጠሉን አትመን፤ መጀመሪያ አፈሩን ንካ» አለችኝ። «ከታች ርጥብ ከሆነ ጀንበር ስታዘቀዝቅ ራሷ ትነሣለች።»

ጣቷን አፈሩ ውስጥ ከትታ እንደ ሐኪም ዝም ብላ ቆየች። ሰንብቼ ስመለስ የእኔን ግንባር እንዲያ ነክታው አታውቅም።

እኔ ደግሞ ባዶ እጄን ገብቼ አላውቅም ነበር። ከጎንደር አራዳ ገበያ ሻሽ፣ ወደ እንፍራንዝ የወረድኩ ቀን ፓፓያ፣ በጾም ፍቺ ሰሞን ዶሮ እይዛለሁ። ተቀብላ፣ አመስግና፣ ወዲያው «ና እስቲ፣ አዲስ ቅጠል አውጥታለች» ብላ እጄን ይዛ ወደ ጓሮ ትወስደኛለች። የመንገድ አቧራዬን ሳላራግፍ በሌላ ሰው ስጦታ ፊት እቆማለሁ። «ሸጋ ናት» እላለሁ። ሌላ ምን ይባላል?

የካቲት ላይ ይመስለኛል፣ ጎረቤታችን እማማ ባንቺ፣ አንደበቷ ክፉ የማያውቅ አሮጊት፣ እኔ መንገድ በወጣሁበት ያ የችግኝ ጣቢያው ልጅ አበባዪቱን ሊያይ መጥቶ እንደነበር ነገረችኝ። እሷም አብራቸው ተቀምጣ ጠላ ጠጥታለች። «ሸጋ ልጅ ነው» አለች። ያቺ ቃል ሆዴ ገብታ እንደ እሾህ ተሰካች። ቤት ስገባ እናኑ ሳልጠይቃት ያንኑ ነገረችኝ፤ መላኩ ወደ ደባርቅ ስለተዛወረ ሊሰናበት ነው የመጣው አለች። ባትነግረኝ ኖሮ ለምን ደበቀችኝ ብዬ እቃጠል ነበር። ስለነገረችኝ ደግሞ ምን ቢያስፈራት ነው ቀድማ የነገረችኝ ብዬ ተቃጠልኩ።

መጋቢት መጨረሻ ላይ ከጎንደር ስመለስ ጓሮው ባዶ ሆኖ ጠበቀኝ። ቁጥቋጦዋ ከመሬት ስንዝር ከፍ ብላ ተቆርጣለች። ቅርንጫፎቿ በማጭድ ተመልምለው አጥሩ ሥር ተከምረዋል። በሕይወቴ እንደዚያ ቀን ደስ ብሎኝ አያውቅም። ለእኔ ብላ ነው፣ ልቤን አንብባው ነው አልኩ። እናኑ ከጓዳ ስትወጣ ትከሻዋን ይዤ እግዜር ይስጥሽ አልኳት።

«ለምኑ?» አለችኝ።

«ስለቆረጥሻት።»

«እንዴ፣ በየዓመቱ እኮ ይቆረጣል» አለች እየሳቀች። «ይቺ አበባ በአምናው እንጨት አታብብም፤ ዘንድሮ በሚወጣው ቡቃያ ነው። ክረምቱ ይግባ፣ እጥፍ ሆና ታያታለህ።»

ትከሻዋን ለቀቅኩ። ምነው ከፋህ ብትለኝ ራሴን አሞኛል አልኩ። ማታ ሽሮ በቃሪያ አቀረበችልኝ፤ ሁለት ጉርሻ በልቼ ተኛሁ።

እንዳለችውም ሆነ። ግንቦት ላይ ከመሬት ብቅ ብቅ አለች፣ ሐምሌ ላይ ወገቤን አልፋ ቆመች። አበባዋ መጀመሪያ አረንጓዴ ሆኖ ይወጣል፤ እያደር ይነጣና ወተት ይመስላል። ዝናብ ሲጠጣ ግን ይከብድና ዘንጉ መሬት ይልሳል። አንድ ከሰዓት በኋላ ከባድ ዝናብ ወርዶ እናኑ ሸምበቆና ገመድ ይዛ ስትሮጥ እኔን ጃንጥላ አስያዘችኝ። እሷ እያንዳንዱን ዘንግ እያቃናች ስታስር ጃንጥላውን ከራሷ በላይ ያዝኩ። እሷ ግን እጄን ወደ አበባው ገፋችው። ሁለታችን በሰበስን፤ አበባዋ ተጠለለች።

መስከረም ላይ ነው ከመላኩ ጋር የተገናኘነው። ጎንደር መናኸሪያ ሰው ስጭን አንድ ቀጠን ያለ ሰው በርጥብ ጆንያ የተጠቀለለ ነገር ይዞ መጣና እንዳይደፈጠጥበት ጋቢና እንዳስቀምጠው ለመነኝ። ጆንያው ጫፍ ላይ ያንን ቅጠል አየሁት። ስሙን መጠየቅ አላስፈለገኝም። እሱ ግን እኔን አያውቀኝም።

መንገዱ ግራና ቀኙን በአደይ ተሸፍኗል። አምባ ጊዮርጊስ ቆመን የተጠበሰ በቆሎ ገዛን፤ እሱ የራሱን ገምሶ ለእኔ ሰጠኝ። እንደገና ስንነሣ ከኋላ ያሉት ተሳፋሪዎች ማንቀላፋት ጀመሩ። ችግኙን ለማን እንደሚወስድ ጠየቅኩት። ለአዲሱ መሥሪያ ቤቱ ግቢ መሆኑን፣ የመጀመሪያዋ ግን ዳባት እንደቀረች ነገረኝ።

«ማን ጋ?» አልኩት፣ ዓይኔን ከመንገዱ ሳላነሣ።

ለማያውቁት ሰው ማውራት ይቀላል መሰለኝ፣ ዘርግፎ ነገረኝ። አብራው ትሠራ የነበረች ልጅ ነበረች። ሽማግሌ ልላክ ሲል፣ ዛሬ ነገ እያለ ሲያመነታ አንድ ሹፌር ቀደመው። ትወደው እንደነበር ጠየቅኩት። አላውቅም አለ፤ ጠይቋት አያውቅም። ማርሽ ቀነስኩ።

«አንድ ቀን ልሰናበታት ሄጄ ነበር» አለ። «አበባዪቱን ሸጋ አድርጋ ይዛታለች። እሷ ግን ያወራችኝ ስለ ባሏ ነው። አምባ ጊዮርጊስ ላይ ጉም ወረደ ሲሏት እንቅልፍ አይወስዳትም። የመኪና ድምፅ በሰማች ቁጥር ደጅ ትወጣለች፤ ሰው እንዳይታዘባት አበባ የምትኮተኩት ታስመስላለች። ባሏን አይቼው አላውቅም። ግን እውነቱን ልንገርህ ወንድሜ፣ እንደዚያ ሰው የቀናሁበት የለም።»

ምን እንደተሰማኝ ዛሬም በደንብ መናገር አልችልም። ደስታ ነበረበት። ግን ከደስታው ሥር ሌላ ነገር ነደደ፤ ለእኔ ለባሏ ተንፍሳው የማታውቀውን ፍርሃት እሱ ያውቀዋል። እኔ ስገባ የምታወራኝ ስለ ቅጠል ነው።

ዳባት ላይ ወራጆችን አወረድኩ። ሞተሩን ሳላጠፋ ወደ እሱ ዞሬ «የእናኑ ባል እኔ ነኝ» አልኩት።

ጆንያውን ወደ ደረቱ አስጠጋ። ይወርዳል ብዬ ጠበቅኩ። ወደ ፊት እያየ «እንግዲያውስ ቀስ ብለህ ንዳ» አለኝ።

እስከ ደባርቅ ቀስ ብዬ ነዳሁ። ሲወርድ ጆንያውን አቀበልኩትና ተጨባበጥን። ከዚያ በኋላ አይቼው አላውቅም።

በማግስቱ ቤት ስገባ እናኑ ጓሮ ነበረች። ከማን ጋር እንደተሳፈርኩና ምን እንዳለኝ አንድ ሳላስቀር ነገርኳት። ቀና ሳትል ሰማችኝ።

«ለእኔ ምነው ሳትነግሪኝ?» አልኳት።

«መሪ የምትይዘው አንተ ነህ» አለች። «ሚስቴ ፈርታለች ብሎ የሚነዳ ሰው እጁ ይንቀጠቀጣል። እሱ የያዘው መሪ የለም፤ ስለዚህ ለእሱ ነገርኩት።» ደግሞ ጨመረች፦ «አበባዪቱንም እወዳታለሁ። አስመስዬ ብቻ አይደለም።»

ያን ቀን አፈሩን እንዴት እንደምትነካው አሳየችኝ። ጣቴን ከተትኩ። ቀዝቃዛና ርጥብ ነበር።

ከዓመታት በኋላ ወደ ጎንደር ስንዛወር እናኑ ከአበባዪቱ ጎን የበቀለውን ቡቃያ ከነሥሩ ነቅላ ይዛ መጣች። የጎንደር ውኃ በፈረቃ ነው፤ የተከራየነው ቤት ግቢም ቀኑን ሙሉ ፀሐይ አይለቀውም። ችግኟ አንድ በጋ ታግላ ደረቀች። እናኑ ደጃፉ ላይ ተቀምጣ አለቀሰች። እኔ ደስ የሚለኝ መስሎኝ ነበር፤ አላለኝም። በየመንገዱ ያለ ጓሮ ሁሉ እያየሁ ሌላ ስፈልግላት ከረምኩ፣ አላገኘሁም።

አሁን መኪና መንዳት ካቆምኩ ቆይቻለሁ። የመጨረሻው ልጃችን ወደ መተማ ይነዳል። ሚስቱ ከእኛ ጋር ነው የምትኖረው፤ እሱ መንገድ በወጣ ቁጥር በየከተማው እየደወለች የት ደረስክ፣ ጉም አለ ወይ፣ ምነው ድምፅህ ደከመ ትለዋለች። አንድ ቀን ለእናኑ፣ ይቺ ልጅ ልጃችንን ታስፈራዋለችና ምከሪያት አልኳት።

«ተዋት፣ ትንገረው» አለችኝ።

ያኔ ፍርሃቷን ከእኔ የሸሸገችው እሷው ናት ይህን የምትለው። አንድ ሰው በእኔ ቀንቶ እንደነበር ሳስብ አሁንም ደረቴ ይሞላል። ለእኔ ያልነገረችኝን ለእሱ መንገሯ ደግሞ አሁንም ይቆረቁረኛል። ሁለቱም አብረውኝ አረጁ።