የሮቦቱ ባትሪ በለቅሶ ቤት

ሐሙስ፣ ከአዲስ አበባ እስከ ደሴ

ከቤት የወጣሁት ገና ሳይነጋ ነው። ቦርሳዬ ውስጥ አንድ ቅጽ፣ አንድ የኤሌክትሪክ መለኪያና ለጥቂት ቀናት የሚበቃ ልብስ አለ። የምሠራው ተማሪዎች ሮቦት እንዲሠሩ በሚያግዝ ትንሽ ድርጅት ውስጥ ነው። ለሚቀጥለው ዓመት ሙሉ የሮቦት ዕቃ የምንሰጠው ለአንድ ትምህርት ቤት ብቻ ስለሆነ፣ የሐይቅ ከተማ ልጆች ይገባቸው እንደሆነ አይቼ እንድመጣ ተላክሁ። መስፈርቱ ቀላል ነው። መደበኛው የውድድር ወቅት ካለፈ በኋላ ቡድኖች እጃቸው እንዳይፈታ የሚያደርጉት የወዳጅነት ግጥሚያ አለ፤ ዘንድሮ እሑድ ውጫሌ ላይ ይካሄዳል። የሐይቆቹ ሮቦት እዚያ ሦስቱን ዙር ከጨረሰ ዕቃው የእነሱ ነው። ማሸነፍ አይጠበቅባቸውም። መሀል ላይ ቆሞ ከቀረ ግን ዕቃው ለሌላ ይሄዳል፤ ቅጹ ላይ ስለ ምክንያት የሚጠይቅ ቦታ የለም።

ደብረ ብርሃን ላይ በብርድ እየተንቀጠቀጥኩ ሻይ ጠጣሁ፤ የጣርማበርን ዋሻ አልፈን ቁልቁል ስንወርድ ሹራቤን አወለቅኩ፤ ሸዋ ሮቢት ስንደርስ በመስኮት ማንጎ ገዛሁ። ከኮምቦልቻ ወደ ደሴ ያለው ዳገት ላይ አውቶቡሱ ሲያቃስት የኋላ ተሳፋሪዎች «አይዞህ!» ይሉት ነበር። ደሴ አደርኩ።

ዓርብ፣ ሐይቅ

ጠዋት ሚኒባስ ያዝኩ። ረዳቱ ቦርሳዬን ከላይ ልጫን ቢለኝ እምቢ አልኩ።

«ምን ቢኖርበት ነው እንዲህ የምታቅፊው?»

«የኤሌክትሪክ መለኪያ ነው።»

«ይኸው! ሐይቅ ስትደርሽ የኛን መብራት ለኪልን። መጥቶ ስንት ደቂቃ እንደሚቆይ።»

መኪናው ሙሉ ሳቀ። እኔም ሳቅሁ፤ ግን ነገሬ ብዬ አልሰማሁትም።

የትምህርት ቤቱን በር የከፈቱልኝ ጋሽ ይመር ይባላሉ። ዘበኛው ናቸው። ረጅም፣ ከሲታ፣ ጋቢያቸውን ትከሻቸው ላይ ጣል ያደረጉ ሰው ናቸው። የሮቦቱ ክፍል ግቢው ጥግ ያለ የድሮ ዕቃ ቤት ነው፤ ቅዳሜም ሆነ ከትምህርት ሰዓት በኋላ ልጆቹ ሥራ እንዲሠሩ በሩን የሚከፍቱላቸው እሳቸው እንደሆኑ ነገሩኝ። «እኔ እንጃ ምን እንደሚሠሩ» አሉ፤ «ብቻ ከመንገድ ላይ ዙረት ይሻላል።»

ውስጥ ስድስት ልጆች አገኘሁ። አለቃቸው ሰዓዳ ናት፤ የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ተማሪ፣ ቀጭን፣ ነገር ሲገባት ቅንድቧን ብቻ የምታነሣ። ሮቦቱን በውድድሩ ላይ የምትነዳው እሷ ናት። ክንዱን የሠራው ሀብታሙ ነው፤ ከአሮጌ ብስክሌት ጥርሳ ጥርስና ከዓሣ አጥማጆች የመረብ ገመድ። ክንዱ ኳስ አንሥቶ ከፍ ካለ ቅርጫት ውስጥ ይጥላል። ሦስት ወር ፈጅቶበታል፤ ስለ ክንዱ ሲያወራ እንደ ልጅ አባት ነው።

ሦስት ጊዜ አስነዳኋቸው፤ ሦስት ጊዜም ጨረሰ። ሁለቱን ባትሪዎች ለካሁ፤ ሙሉ ናቸው። «አንድ ነገር ብቻ» አልኩ፤ «እነዚህ ባትሪዎች እስከ እሑድ ከዚህ ክፍል እንዳይወጡ።» «እሺ ቲቸር» አሉ። አስተማሪ አይደለሁም፤ ብናገርም የሚሰማኝ አልነበረም።

ከጁምዓ ሶላት በኋላ ሐይቁ ዳር ወርደን ዓሣ በላን። አንድ የተጠበሰ ቆሮሶ ከነዳጣው ሁለት መቶ ሃምሳ ብር ነው። ከማዶ የእስጢፋኖስ ገዳም ዛፎች ይታያሉ፤ ውኃው ረግቶ ተኝቷል። ዓሣ እየበላሁ በልቤ ቅጹን ሞልቼ ጨረስኩ። ስንመለስ ጋሽ ይመር በር ላይ ቆመው ጠበቁን፤ «ባለቤቴን ጠንከር አድርጎ አሟታል፤ ልሂድ» ብለው የክፍሉን ቁልፍ ለሰዓዳ ሰጧት።

ቅዳሜ፣ ሐይቅ

ጠዋት ሁለት ሰዓት ተኩል ልንገናኝ ነበር። ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ እኔ ብቻ ነበርኩ። ሦስት ሰዓት ሆነ። እናቴ «አንቺን የወለድኩት ከሰዓት ጋር ነው» ትላለች፤ ቀጠሮ ሲፈርስ ደሜ ይፈላል። በመጨረሻ ሀብታሙ ቁልፉን ይዞ እየሮጠ መጣ።

«ቲቸር፣ የጋሽ ይመር ባለቤት ማታ ዐርፈዋል። ሁላችንም እዚያ ነን።»

ነፍስ ይማር ብዬ ክፍሉን ከፈትኩ። ሮቦቱ ሆዱ ተከፍቶ ተቀምጧል። ባትሪዎቹ የሉም።

«ማታ መብራት ጠፋ» አለ ሀብታሙ መሬት መሬቱን እያየ። «ከየገጠሩ ሰው መጥቶ ድንኳኑ ጨለመ። ሰዓዳ አውጥታ ወሰደቻቸው። አምፖል የቀጠልነው እኔና እሷ ነን።»

ለቅሶ ቤቱ ከትምህርት ቤቱ ጀርባ ነው። እዚህ አገር ዕድርን ቅሬ ይሉታል። ሰው ሲሞት ቅሬው ይጠራል፤ ሙስሊም ክርስቲያን ሳይል ጎረቤት ሁሉ ሥራውን ጥሎ ይመጣል፤ ማንም ባዶ እጁን አይገባም። አንዱ አግዳሚ፣ አንዱ ድስት፣ አንዱ እንጨት ይዞ ይደርሳል። እኔ ግን፣ አልደብቅም፣ የሄድኩት ባትሪዬን ፍለጋ ነው።

ወንዶቹ ጀናዛውን ይዘው ለቀብር ወጥተው ድንኳኑ ውስጥ ሴቶች ብቻ ቀርተዋል። ባትሪዎቹ ምሰሶው ሥር ናቸው። መለኪያዬን አውጥቼ ነካኋቸው። አንዱ ጨርሶ ሞቷል፤ ሌላውም ነፍሱ ልትወጣ ነው። ሰዓዳ ከሴቶቹ መሀል ተነሥታ መጣች።

«ለአንድ ሌሊት ሻማ አይበቃም ነበር?» አልኳት ድምፄን ዝቅ ለማድረግ እየሞከርኩ። «ሮቦትን ከለቅሶ ምን አገናኘው?»

«እንግዳ በጨለማ አይቀመጥም፣ ቲቸር» አለች። ዓይኖቿ አብጠዋል።

አንዲት እናት ቦታ ለቀቁልኝና «ተቀመጪ ልጄ» አሉኝ። ተቀመጥኩ፤ ንዴቴ ግን አብሮኝ ተቀመጠ።

ከሰዓት በኋላ መብራት መጣ። ባትሪዎቹን ብንሞላም ኃይል አልይዝ አሉ፤ ሞሉ ስንል ሞተሩ አንድ ዙር ዞሮ ይቆማል። ደሴ ወዳለ ሱቅ ደወልኩ፤ በልካቸው የለም። ይህን ጊዜ ከቀብር የተመለሱ ሽማግሌ ክፍሉ በር ላይ ቆሙ። አያ ሙሄ ናቸው፣ የቅሬው ዳኛ። ከኋላቸው ባጃጅ የሚነዳ እንድሪስ የሚባል ወጣት አለ።

«ይኼ ዕቃ ሞተ አሉኝ?» አሉ ወደ ባትሪው እያመለከቱ።

«ሞቷል።»

«ለመብራቱ ነው የሞተው?»

«ለመብራቱ ነው።»

«እንግዲያው የእናንተ ጣጣ አይደለም። ለለቅሶ የወጣ ዕቃ፣ ድስትም ይሁን አግዳሚ፣ ከተሰበረ ቅሬው ነው የሚተካው። መቼ ነው የምትፈልጉት?»

«ነገ ጠዋት።»

አያ ሙሄ ጢማቸውን ዳበሱ። ወደ እንድሪስ ዞሩ።

«የዚህ ሳምንት የቅሬ ተራ፣ የጎደለውን የሚያሟላው፣ የማን ነው?»

«የኔ ነው» አለ እንድሪስ።

«ባጃጅህ ባትሪው ስንት ነው?»

እንድሪስ ነገሩ ዘግይቶ ገባው። «ኧረ አያ ሙሄ! ነገ እኮ ሥራ አለኝ!»

«ተራህ ነው፣ አይደለም?»

«ነው… ወላሂ ነው። ግን ባትሪዬ ብቻውን አይሄድም፤ አብሬው ነው የምሄደው።»

ባትሪው ኃይሉ ከሮቦቱ ጋር ይስማማል፤ ክብደቱ ግን የሁለቱ የቀድሞ ባትሪዎች እጥፍ ነው። ሀብታሙ በሽቦና በመኪና ጎማ ላስቲክ አሥሮ ከሮቦቱ ጀርባ ላይ ጫነው። ሮቦቱ ልጇን ያዘለች ሴት መሰለ። ሁላችንም ሳቅን፤ ከጠዋት ወዲህ የመጀመሪያው ሳቄ ነበር።

እሑድ፣ ውጫሌ

ሚኒባሱ ውስጥ እንድሪስ ባትሪውን ጭኑ ላይ አድርጎ ተጓዘ። ሀብታሙ አማተበ፤ ሰዓዳ ቢስሚላህ አለች፤ እንድሪስ «አሁን ሁሉም ወገን ተነግሮታል» ብሎ አሳቀን። በስተግራ የአምባሰል ተራሮች እንደ ግድግዳ ቆመው አብረውን ሄዱ። «ግሸን ከዚያ ኋላ ነው» አለኝ ሀብታሙ በአገጩ እየጠቆመ፤ እናቱ በየዓመቱ ትሄዳለች።

ስምንት ቡድኖች መጥተዋል። መጀመሪያ ሮቦቶቹ ተመዘኑ። የእኛው ከተፈቀደው በአራት ኪሎ በለጠ። መዛኙ ጨዋ ሰው ነው፤ «ወይ ቀንሱ፣ ወይ አትገቡም» አለ።

ሁሉም ሀብታሙን ያያል፤ ከሮቦቱ ላይ ከባትሪው ሌላ አራት ኪሎ የሚመዝን አንድ ነገር ብቻ ነው ያለው። ሰዓዳ «ሌላ ነገር እንፈልግ» ብላ ጀመረች። ሀብታሙ መፍቻውን አንሥቶ በገዛ እጁ የክንዱን ብሎኖች ፈታ። ሦስት ወር የደከመበትን በዐሥር ደቂቃ አወለቀው። በጃኬቱ ጠቅልሎ ለእንድሪስ አስታቀፈው፤ «ባትሪህን ሰጥተኸን የለ? ይህን ያዝልኝ» አለው። ፊቴን ማዞር ነበረብኝ።

ያለ ክንድ ኳስ ማንሣት የለም። ሰዓዳ ኳሶቹን በሮቦቱ ደረት እየገፋች ዝቅተኛው ጉድጓድ ውስጥ መክተት ጀመረች፤ ነጥቡ ትንሽ ነው። የመጀመሪያው ዙር አለቀ። ሁለተኛውም አለቀ፤ ሮቦቱ ቀርፋፋ ነው እንጂ ማንም ሊገፋው አልቻለም።

በሦስተኛው ዙር መሀል ላይ የደሴዎች ሮቦት በጎን ገጨው። የእኛው ቆመ። ሰዓዳ መቆጣጠሪያውን ብትነካካ ምንም የለም።

«ሽቦው ነው! ከባትሪው ላይ ላልቷል!» ብሎ ጮኸ እንድሪስ። «ባጃጁ ላይ ሲላላ በእግሬ ነው የምመታው!»

ሕጉ ሜዳ መግባት ይከለክላል። ሰከንዶቹ ይቆጠራሉ። የደሴዎቹ ልጅ ሮቦቱን ወደ ኋላ ሊያዞር ሲል ደግሞ ገጨን። የእኛው አንዴ ተንዘፈዘፈና መንቀሳቀስ ጀመረ! እንድሪስ የሀብታሙን ክንድ እንዳቀፈ አግዳሚው ላይ ወጣ፤ «አብሽሪ ሰዓዳ! አብሽሪ!» እያለ ሲጮኽ እኔም አብሬ ጮህኩ። ደወሉ ሲደወል ሮቦቱ አንድ ኳስ እየገፋ ነበር።

ከስምንት ሰባተኛ ወጣን። ቅጹ ላይ «ሦስቱንም ዙር ጨርሷል» ብዬ ጻፍኩ። መዛኙ ከትከሻዬ በላይ አንብቦ ፈገግ አለ።

ሰኞ፣ ሐይቅ

ከመሄዴ በፊት ለቅሶ ቤቱ ጎራ አልን፤ ሦስተኛው ቀን ነው። «አላህ ያጽናዎት» አልኳቸው ጋሽ ይመርን። ጋሽ ይመር ግን «ልጆቹ እንዴት ሆኑ?» ብለው ነው የመለሱልኝ። ድንኳኑ ከመፍረሱ በፊት አያ ሙሄ አባወራዎቹን በስም ጠሩ፤ የቀረ ይቀጣል። ዝርዝሩ ሲያልቅ ቀና አሉና «የሮቦት ልጆች» አሉ።

ልጆቹ ተያዩ። አያ ሙሄ ቆጣ ብለው ደገሙ። «የሮቦት ልጆች! የላችሁም?»

«አለን!» አሉ ስድስቱም።

«ከዛሬ ጀምሮ እንደ አንድ ቤት ናችሁ። ስትጠሩ ከቀራችሁ ቅጣት አለ፤ አልሰማንም እንዳትሉኝ በኋላ።»

ማክሰኞ፣ አዲስ አበባ

ማምሻውን ቤቴ ገባሁ። ልፈትናቸው ሄጄ ተፈትኜ ተመለስኩ፤ ውጤቴም እንደ እነሱ ሰባተኛ እንኳን የሚያስወጣ አይደለም። ሰው ሥራውን ትቶ ለቅሶ ሲሄድ ሥራውን የናቀ ይመስለኝ ነበር። አሁን እንደዚያ አይመስለኝም።

ከአንድ ሳምንት በኋላ ዕቃው እንደተፈቀደ ሰማሁና ለሰዓዳ ደወልኩ። ጩኸቷ ጆሮዬን ሊያደነቁር ነበር። ሲበርድላት፣ «ሰዓዳ፣ ድንኳኑ ውስጥ የተናገርኩሽን ይቅር በይኝ» አልኳት።

«ቲቸር፣ አልዋሽዎትም፤ እኔም መስጠት አልፈለግኩም ነበር። ሰው ሁሉ ይዞ ሲገባ ባዶ እጄን መቆሙ አሳፍሮኝ ነው። ባትሪዎቹን ያወጣሁት እያለቀስኩ ነው፤ ለውድድሩ እያለቀስኩ። ድንኳኑ በር ላይ ስደርስ ጋሽ ይመር አዩኝ። ለባለቤታቸው የማለቅስ መስሏቸው ከመቀመጫቸው ተነሡና ዕንባዬን በጋቢያቸው ጠረጉልኝ። ‹አብሽሪ ልጄ፣ እሷም ትወድሽ ነበር› አሉኝ።»

«ከዚያስ?»

«ከዚያማ የእውነት ለባለቤታቸው አለቀስኩ።»