አልዞር ያለው የባቡር ነጂው ሰዓት

ውድነህ ታክሲውን ትቶ፣ ኢስት ኮልፋክስ ጎዳና ላይ በአንድ ግሮሰሪ ጥግ ሰዓት መጠገን ከጀመረ ገና ወሩ ነው። አንድ ጠዋት ዶርቲ የሚባሉ አሮጊት የኪስ ሰዓት ይዘው መጡ።

"የአባቴ ነው፤ ባቡር ነጂ ነበር። እባክህ አስነሳልኝ" ብለውት ሄዱ።

ጀርባውን ከፍቶ ጠረገው፤ ዘይት ቀባው፤ ቀጭ ቀጭ ማለት ጀመረ። ሰዓቱን ሊያስተካክል አናቱ ላይ ያለውን መሙያ ቢያዞር ግን ቆጣሪዎቹ ንቅንቅ አላሉም። ቁጭ ብድግ ሲል ቆይቶ ለሚስቱ ለስምረት ደወለ።

"ሴትዮዋን ለምን አትጠይቃቸውም?" አለችው።

"ምን ብዬ? ሰበርኩት ብዬ?"

ስልኩን ዘግቶ፣ አሮጊቷ ሰዓቱን ሊወስዱ እስኪመጡ ድረስ ከበሩ እስከ ጠረጴዛው ተመላለሰ። ዶርቲ ገና ሳይቀመጡ፣ "ሳላበላሽብዎት አልቀረሁም" አላቸው።

አሮጊቷ ሳቁ። የፊቱን መስታወት ፈትተው ከጠርዙ አንዲት ቀጭን ብረት በጥፍራቸው ሳቡና መሙያውን ቢያዞሩት ቆጣሪዎቹ ዞሩ።

"መሙያው ኪስ ውስጥ ሳይታወቅ ዞሮ ሰዓቱ እንዳይዛነፍ ብለው ነው እንዲህ የሠሩት። በአንድ ሐዲድ ፊት ለፊት የሚመጡ ባቡሮች የሚተላለፉት በሰዓት ነበር፤ ከተሳሳተ ይጋጫሉ። አባቴ እራት ላይ እንኳ እያወጣ ያየው ነበር።"

"ታዲያ መቼ ያርፉ ነበር?" አለ ውድነህ።

"ጡረታ ወጥቶም አላረፈ።"

ሰዓቱን ጆሯቸው ላይ አድርገው አዳመጡ። ከዚያ እንባቸውን እየጠረጉ፣ "እሱ ከሞተ ወዲህ ይህን ድምፅ ሰምቼው አላውቅም" አሉት።