ያልተከራየች በቅሎ ግብር

በደርግ ዘመን በፈቃደኝነት መሥራት ምን ማለት እንደሆነ የተረዳሁት ከማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ ነው። ሐይቅ ከተማ በምሠራበት መሥሪያ ቤት በር ላይ «በመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ለማስተማር በገዛ ፈቃዳቸው የተመዘገቡ ሠራተኞች» የሚል ዝርዝር ተለጥፎ አገኘሁ። ሦስተኛው ስም የእኔ ነበር። መቼ እንደተመዘገብሁ ለማስታወስ ሞክሬ አልሆነልኝም።

ሥራዬ ደመወዝና የሥራ ግብር ማስላት ነበር። ለዚያ ሥራ በኢኮኖሚክስ የተመረቀ ሰው እንደማያስፈልግ እኔም አለቃዬም እናውቅ ነበርና ጉዳዩን አንድም ቀን አላነሳነውም። ዘመቻው ሲመጣ ግን ዕውቀቴ በድንገት ተፈለገ። በሳምንት ሁለት ቀን ከሰዓት በኋላ ወደ አምባሰል በኩል ዳገቱ ላይ ወዳሉት መንደሮች ለምንወጣ አስተማሪዎች የበቅሎ ኪራይ አበል ተፈቀደ፤ አበሉ ግብር ይኖረው እንደሆነ የሚያስረዳ ሰው ታጣ። መመሪያውን አንብቤ አንድ ገጽ ማብራሪያ ጻፍሁ። ፍሬ ነገሩ ቀላል ነበር፦ ሠራተኛው ለጉዞው በእርግጥ ያወጣው፣ ተቀባዩም ፈርሞ ያረጋገጠው ወጪ ገቢ አይደለምና ግብር የለበትም። ደረሰኝ የሌለው አበል ግን ከደመወዝ ጋር ተደምሮ ግብር ይቆረጥበታል።

ባልደረቦቼ ማብራሪያውን በጥሞና አዳመጡ፤ ከዚያ ጥያቄ አዘነቡብኝ።

«እኔ የምሄደው በእግሬ ነው» አለ የመዝገብ ቤቱ ሠራተኛ። «ያለቀው የጫማዬ ሶል ወጪ ነው ገቢ?»

«ደረሰኝ አለህ?»

«ከማን ልቀበል፣ ከድንጋዩ?»

«እንግዲያው አበሉ ገቢህ ነው።»

«ተመስገን! ገቢ አለኝ ማለት ነው።»

ታይፒስቷ ደግሞ ገበሬዎቹ የሚያቀርቡላት ቆሎ አሳሰባት። በዓይነት የተገኘ ገቢ ስለሚባለው ነገር ማስረዳት ስጀምር አቋረጠችኝ። «ኧረ ተይ፣ አንቺ ሴትዮ! የበላሁትን ቆሎ ልታስተፊኝ ነው?»

እኔን የምታወጣኝ በቅሎ ባለቤት ከተማሪዎቼ አንዱ የሆኑ ሽማግሌ ሙስሊም ገበሬ ነበሩ። በቅሎዋን ዳገቱ ግርጌ ድረስ ስበው ያመጡልኛል። ወር ሲያልቅ አበሉን እሰጣቸዋለሁ፤ እሳቸውም አውራ ጣታቸውን ቀለም ነክረው ባዘጋጀሁት ደረሰኝ ላይ ያሳርፋሉ፣ «አላህ ይስጥሽ» ይላሉ። ስለ ገንዘቡ ሌላ ቃል ተለዋውጠን አናውቅም።

በዓመቱ መጨረሻ ለሁለተኛ ዲግሪ አዲስ አበባ ተቀባይነት አገኘሁ። በሕይወቴ ከዚያ በላይ የፈለግሁት ነገር አልነበረም። የጎደለኝ አንድ ወረቀት ብቻ ነው፤ ከመሥሪያ ቤቱ ዕዳ ነፃ መሆኔን የሚገልጽ ክሊራንስ። ምዝገባው ሊዘጋ ዘጠኝ ቀን ሲቀረው አለቃዬ ፋይሌን ገልጦ ደረሰኞቼን አንድ በአንድ አየ።

«ጓዲት፣ ደረሰኞችሽ ሁሉ የጣት አሻራ ናቸው።»

«ሰውየው ያኔ መጻፍ አይችሉም ነበር።»

«መንደሩ ከመሃይምነት ነፃ ወጥቷል ብለን ሪፖርት ልከናል። ሪፖርቱን የጻፍሽው ራስሽ ነሽ።»

«ልክ ነው።»

«ታዲያ ነፃ በወጣ መንደር በአውራ ጣቱ የሚፈርም ማነው? ኦዲተር ቢመጣ ወይ ሪፖርቱ ውሸት ነው፣ ወይ ደረሰኙ።» ትንሽ አሰበና ድምፁን ዝቅ አደረገ። «ግብሩን ክፈይና ሂጂ። ምን ያህል ገንዘብ ነው ብለሽ?»

አሰላሁት። ደሴ ደርሶ ለመመለስ ከሚከፈለው የአውቶቡስ ዋጋ ያነሰ ነበር። ነገር ግን መክፈል፣ ያላወጣሁትን አወጣሁ ብያለሁ ብሎ ማመን መስሎ ታየኝ። «አልከፍልም» አልሁ። «በገዛ እጃቸው አጽፌ አመጣለሁ።»

ሽማግሌውን ያገኘኋቸው ከሁለት ቀን በኋላ ውጫሌ ገበያ ላይ፣ አንዲት ፍየል በገመድ ይዘው ቆመው ነው።

«ማሻአላህ! ልጄ፣ ምን እግር ጣለሽ?»

«የአንድ ፊርማ ችግር ገጥሞኝ ነው አባባ።» ነገሩን ዘርዝሬ ነገርኋቸው።

«አብሽሪ፣ ይኼማ ምን ይከብዳል!» የፍየሏን ገመድ በጉልበታቸው ይዘው ጆንያ ላይ ተቀመጡና ብዕሩን ተቀበሉኝ። እኔም ቃሉን እየቆራረጥሁ አስጻፍኋቸው፤ «በቅሎዬን… አከራይቼ… ኪራዩን…» ብዕሩ ቆመ።

«ማነው ያከራየ?»

«እርስዎ ነዎት እንጂ።»

«ወላሂ አላከራየሁም! ፊደል የምታስቆጥረኝን ሰው ጭኘ ኪራይ ልበላ? አገር ቢሰማ ምን ይለኛል?»

«በየወሩ የሰጠሁዎት ገንዘብስ?»

«እሱማ ሰጠሽኝ፣ ተቀበልሁ። ሰው ደስ ብሎት የሰጠውን መመለስ ነውር አይደል?»

«አሻራዎ ያለበት ወረቀት እኮ ኪራይ ይላል።»

«ያኔ ምን እንደሚል በምን አውቄ? ማንበብ የቻልሁ አሁን ነው።»

አንድ ገዢ ከራሳችን በላይ ቆሞ «አባው፣ ፍየሏ ስንት ናት?» አለ።

«ቆይ አንተ! እየጻፍሁ ነው!» ብለው አባረሩት። ሰውየው ግን አልሄደም፤ የሚጻፈውን ለማየት አጎነበሰ።

ድምፄን ዝቅ አድርጌ ለመንኋቸው። «አንዲት ቃል ናት አባባ። አዲስ አበባ ገብቼ የምማረው በእሷ ነው።»

«አንዲት ቃል ለመጻፍ ስንት ወር እንደፈጀብኝ አንች ታውቂያለሽ» አሉኝ። «እንዲያ ለፍቸ ውሸት ልጽፍባት?»

«እኔም ምስክር ነኝ፣ አላከራዩም!» አለ ፍየል ገዢው፤ ማንም ሳይጠይቀው።

ሽማግሌው ወረቀቱን ገልብጠው በጀርባው በኩል እንዲህ ጻፉ፦ «በቅሎየን ለአስተማሪየ ያዋስሁ ለአላህ ብየ ነው። እሷም ገንዘብ ሰጥታኛለች። አላህ ይስጣት።» ከሥሩ ስማቸውን አሰፈሩ። አንድ ፊደል እንኳ አልተሳሳቱም። ከክፍሌ ከእሳቸው የተሻለ ተማሪ አልነበረኝም።

አለቃዬ ወረቀቱን ሁለት ጊዜ አነበበው።

«ይህ ምንድን ነው?»

«ደረሰኝ።»

«ይህ ዱዓ ነው፣ ጓዲት።» ከመሳቢያው የእኔኑ ማብራሪያ አውጥቶ ጣቱን አንድ መስመር ላይ አሳረፈ። በበጎ ፈቃድ የተሰጠ ስጦታ የጉዞ ወጪ ተብሎ እንደማይያዝ በጥሩ አማርኛ ጽፌ ነበር። «ኪራይ ከሌለ ወጪ የለም፤ ወጪ ከሌለ አበሉ ገቢሽ ነው። ክፈይ።»

ሰባት ቀን ቀርቶኝ ነበር። ከፍዬ ልሄድ እችል ነበር። አልሄድሁም። ደሴ ለሚገኙት የበላይ አለቆች አራት ገጽ አቤቱታ ጻፍሁ። በደመወዝ የሚሠራ ሰው በመመሪያው ውስጥ ቦታ አለው፤ በነፃ የሚሠራም አለው። ሁለት ፈቃደኞች አንዳቸው በቅሎ፣ ሌላኛቸው ገንዘብ ሲሰጣጡ ግን መመሪያው ዝም ይላል፤ በዝምታው ደግሞ እኔ ልቀጣ አይገባም ብዬ ተከራከርሁ። ዛሬም ሳነበው እንከን አላገኝበትም። ወደ ደሴ የሚሄደው አውቶቡስ በየጠዋቱ በመስኮቴ ሥር ጥሩንባውን እየነፋ ያልፍ ነበር። ታይፒስቷ በአምስተኛው ቀን ቦርሳዋን ከፍታ ዴስኬ ላይ ሳንቲም ዘረገፈች። «በናትሽ እኔ ልክፈልልሽና ሂጂልኝ!» ሳንቲሙን ሰብስቤ መለስሁላት።

መልሱ ምዝገባው ሊዘጋ አንድ ቀን ሲቀረው ደረሰ። አንድ ዓረፍተ ነገር ነበር፦ «ማብራሪያው በአመልካቿ በራሷ የተዘጋጀ ስለሆነ በዚያው መሠረት ይፈጸም።» ከፈልሁ። ለመክፈል የፈጀብኝ ጊዜ አለቃዬ ማኅተሙን እፍ ብሎ ወረቀቱ ላይ እስኪያሳርፍ ድረስ ነው።

አዲስ አበባ የደረስሁት ምዝገባው በተዘጋ ማግስት ነው። በመስኮቱ ወዲያ የነበረችው መዝጋቢ ወረቀቶቼን አገላብጣ ከልቧ አዘነችልኝ።

«ምነው ትናንት በመጡ! ምን አዘገየዎት?»

«የግብር ክርክር ነበረብኝ።»

«ረቱ?»

«ሕጉ ትክክል ነበር» አልኋት።

ለሚመጣው ዓመት የሚሞላ ቅጽ ሰጠችኝ። እዚያው ቆሜ ሞላሁት። ልወጣ ስል ከኋላዬ ጠራችኝ፤ ክሊራንሴን በሁለት ጣቷ ይዛ በመስኮቱ ታወጣልኝ ነበር።

«ይህን ይውሰዱት እመቤት። ለዘንድሮ ብቻ ነው የሚያገለግለው፤ ለሚመጣው ዓመት አዲስ ያጽፋሉ።»